ማን ይግባ? ማንስ ይቅር? ከሐዋሳ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

አንድ አገር ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን በምን መስፈርት ይምረጥ? በዚህ ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ «ዲቪ ሙላልኝ» የሚል ስለሆነ ትቼዋለሁ። ከቀረው የተደጋገመውን መርጫለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአቶቴ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ አንድ አገር «አንተ ግባ፣ አንተ ቅር» የማለት መብቱን ከየት አመጣው?

ፈላስፎቹም አልተስማሙም። ጆሴፍ ካረንስ በ1987 በጻፈው ጽሑፍ፣ ሀብታም አገር ውስጥ መወለድ እንደ ድሮው የባላባት ልጅነት ነው ይላል። ማንም ሠርቶ አላገኘውም። ማይክል ዋልዘር ደግሞ፣ አባሉን ራሱ የማይመርጥ ማኅበረሰብ ማኅበረሰብነቱን ያጣል ባይ ነው። እኔ ወደ ዋልዘር አደላለሁ። ዕድርም እኮ ዝም ብሎ አባል አይቀበልም። ግን ዕድር ደንቡን ጽፎ ያሳይሃል፤ መዋጮው ይህን ያህል፣ ግዴታው ይህ ይልሃል። ይምረጡ፤ በምን እንደሚመርጡ ግን አስቀድመው ይናገሩ። መስፈርቱ በተደበቀበት ሁሉ ደላላ ይከብራል።

ከፒያሳ፦ መጥፎ መስፈርት የሚሉት የቱን ነው?

የአውስትራሊያን የቃል ጽሕፈት ፈተና የሚያህል አላውቅም። ከ1901 እስከ 1958 ሠርቷል። ሕጉ ነጭ ያልሆነ አይግባ ብሎ በግልጽ አይልም፤ ያሳፍራላ። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው በፈለገው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃል ያነብልሃል፣ አንተ ትጽፋለህ። ሊያስገባህ ካልፈለገ የማታውቀውን ቋንቋ ይመርጥልሃል፣ አለቀ።

በ1934 ኤጎን ኪሽ የሚባል ጋዜጠኛ መጣ። የፕራግ ሰው ነው፣ ናዚዎችን ይቃወማል፣ መንግሥት አልፈለገውም። አትወርድም ሲሉት ከመርከቡ ወደ ሜልቦርን ወደብ ዘለለና እግሩን ሰበረ። ኪሽ ብዙ ቋንቋ ያውቃል። ስለዚህ ሲድኒ ላይ በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑት! ወደቀ። ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ፣ ይህ በሕጉ አነጋገር የአውሮፓ ቋንቋ አይባልም ብለው ለኪሽ ፈረዱለት። ስኮትላንዶች ምን ያህል እንደተናደዱ መገመት ነው።

አሜሪካም ከ1924 ጀምሮ በትውልድ አገር ኮታ ትመርጥ ነበር። የተሻረው በ1965 ነው።

ከታቦር፦ የካናዳ ነጥብ ነጥብ የሚሉት ነገር እንዴት ነው? እውነት ፍትሐዊ ነው?

ሐሳቡን በ1967 የጀመረችው ካናዳ ናት። ትምህርት፣ ቋንቋ፣ ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ ይደመራሉ። በፌዴራሉ የባለሙያዎች ፕሮግራም ለማለፍ ከ100 ነጥብ 67 ያስፈልጋል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ያለፉት እንደገና እስከ 1200 በሚደርስ ነጥብ ደረጃ ይወጣላቸዋል። ከላይ ያሉት በየዙሩ ይጠራሉ። ለዕድሜ ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ከ20 እስከ 29 ነው። ከዚያ ይቀንሳል፤ 45 ላይ ዜሮ። እኔን የመሰለው ከዕድሜ ሰባራ ነጥብ አያገኝም ማለት ነው።

የምወደው ነገር አንድ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነጥቡን ራሱ መደመር መቻሉን ነው። እንግሊዝኛው ዝቅ ካለ ያጠናል፣ ደግሞ ይፈተናል። መለወጥ የሚችለው ነገር አለ። የተወለደበትን ቦታ ግን ማን ይለውጣል?

ጉድለቱስ? ነጥብ የሚመዝነው ወረቀት ነው። ሐኪሙን በዲግሪው ነጥብ ሰጥተው ያስገቡታል፤ ከገባ በኋላ የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል ዲግሪህን አላውቀውም ይለዋል። ታክሲ የሚነዳ ሐኪም ወሬ ብቻ አይደለም። አገር ለዲግሪ ነጥብ ከሰጠ ዲግሪውን ማወቅም አለበት።

ሌላም አለ። ቀጣሪ ያለው ሰው እስከ 200 ተጨማሪ ነጥብ ያገኝ ነበር። ምን ሆነ? የቅጥር ደብዳቤው ራሱ ሸቀጥ ሆነና ይቸበቸብ ጀመር። በመጋቢት 2025 ነጥቡን አነሱት። አያችሁ፣ ደላላ የኛ አገር ብቻ አይደለም።

ከመናኸሪያ፦ ታዲያ ዕጣ አይሻልም? ዲቪ ዘመድ አያውቅም።

እውነት ነው፣ ኮምፒውተር ጉቦ አይበላም። ዲቪን ያመጣው የ1990 የአሜሪካ ሕግ የጠየቀው ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቅ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ ብቻ ነበር። ለድሃ ልጅ ከዚህ የቀለለ በር አልነበረም። ግን ዕጣው ከወጣ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዲቪ የደረሰው ሰው በአንድ ሳምንት ሙሽራ ይሆናል፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ደግሞ የጉዞውን ወጪ ይችላል። ለብቻው አልመርጠውም።

ስም የለውም፦ ለምን ለከፈለ አይሸጡትም?

ይሸጡታል እንጂ። አሜሪካ 800,000 ዶላርና ከዚያ በላይ መዋዕለ ንዋይ ለሚያፈስ ሰው መንገድ አላት። የኖቤል ተሸላሚው ኢኮኖሚስት ጌሪ ቤከርም ቪዛ በግልጽ ዋጋ ይሸጥ ብሎ ነበር። ግልጽነቱ ጥሩ ነው። ግን ገንዘብ ስለ ሰውየው ምን ይነግርሃል? የአባቱን ኪስ።

ከሪፈራል፦ ነርስ ነኝ። ውጭ አገሮች እኛን መርጠው ሲወስዱ እዚህ ያለው በሽተኛስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ በ2010 ደንብ አውጥቷል። በ2023 ባወጣው ዝርዝር ደግሞ የባለሙያ እጥረት የጸናባቸው 55 አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያም አለችበት። ሀብታም አገሮች እዚህ መጥተው እንዳይመለምሉ ይመከራል። አንቺ በራስሽ ብታመለክቺ ግን አይከለክልሽም፣ መከልከልም የለበትም። የአንቺን እግር አስሮ ሆስፒታል ማቆም አይቻልም። ወሳጁ አገር የሥልጠናሽን ወጪ ይካስ፤ የኔ አቋም ይህ ነው።

ከአላሙራ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ዐረብ አገር ናት። እነሱ በምን ነው የሚመርጡት?

እናቴ፣ በአብዛኛው እዚያ የሚመርጠው አሠሪው ነው። ከፋላ ይሉታል። ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሰፋ ስለሆነ፣ ቤቱን ጥላ ስትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። አገር ምርጫውን ለግለሰብ ሲሰጥ የሚመጣው ይህ ነው። የኛ መንግሥት በ2013 ጉዞውን ከለከለ፣ በ2018 ፈቀደ። በመሃሉ ሰው መሄዱን አልተወም፤ በየመን በኩል ዞረ እንጂ። ፓስፖርቷ በእጇ መሆኑን ይጠይቁልኝ።

ከሐይቅ ዳር፦ ከጦርነት የሸሸ ሰውም በነጥብ ይመዘን?

በፍጹም። ይህ ሌላ በር ነው። የ1951 ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33፣ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር ስደተኛን አትመልስ ይላል። ጋምቤላ ላይ ከደቡብ ሱዳን የሸሸችውን እናት ዲግሪሽን አምጪ ያላት የለም። የ2019 የስደተኞች አዋጃችንም የመሥራት መብት እስከመስጠት ሄዷል።

ከመናኸሪያ፦ እኛስ እንመርጣለን? ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የውጭ ሰው ሞልቷል።

እንመርጣለን። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለቦታው ኢትዮጵያዊ ሲታጣ ነው። ቀጣሪውም ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ ሊተካው ግዴታ አለበት። ጥሩ መስፈርት ነው፣ ተጽፏልም። ተተክቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር ነው የሚሠራው።

ከታቦር፦ እርስዎ ቢሆኑስ ማንን ያስገቡ ነበር?

መጀመሪያ የዜጎቼን ባል፣ ሚስትና ልጅ። ቀጥሎ ቋንቋና ሙያ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ አውጥቼ፣ ያንን ካለፉት መካከል በዕጣ። በ430 እና በ431 ነጥብ መካከል ሰው ለይቼ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽም። የእጅ ባለሙያውንም አልረሳም፤ በያጁ ከዲግሪው እኩል ይቆማል።

ከአቶቴ፣ የመጨረሻ፦ እህቴ ካናዳ ናት። ይጨምርልኛል?

15 ነጥብ። ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነችና 18 ከሞላት። ለዚህ ለማንም እንዳትከፍል።