ሳንቲሙን ከማጠባችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰው አረንጓዴ የለበሰ ጥንታዊ ሳንቲም ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ያወጣና እንደ ወርቅ ሲያብረቀርቅ ያሳያል። "አያምርም ጋሼ?" አለኝ። እኔ ግን ሆዴ ተረበሸ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

የቅርስ ጥገና ሥራን የጀመርኩት ጣሊያን አገር ለሥልጠና ሄጄ ነው። ገና ልጅ ነበርኩ። መምህራችን ለልምምድ አንዳንድ የነሐስ ሳንቲም አደለችን። የእኔ የሲሲሊ ደሴት ነው፣ የሰራኩስ ከተማ። ሰራኩስን ታውቋታላችሁ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ ሦስት ቀን የተቀመጠባት፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ ያለችው። ሳንቲሙ ግን ከጳውሎስ ወደ 300 ዓመት ገደማ ይቀድማል። በዳግማዊ ሂሮን ዘመን የተመታ ነው። የሒሳብ ሊቁን አርኪሜድስን "ዘውዴ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን መርምርልኝ" ብሎ አዘዘው የሚባለው ንጉሥ ይሄው ሂሮን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ሞተ። በ212 ሮማውያን ከተማዋን ሰብረው ሲገቡ አርኪሜድስም ተገደለ።

ሳንቲሙ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። በአንዱ ገጽ በሬ አንገቱን ደፍቶ ሊወጋ ይንደረደራል። በሌላው ገጽ ወደ ግራ የምትመለከት ሴት አለች። ጸጉሯ ላይ የስንዴ ዛላ ተጎንጉኗል። አጠገቧ በግሪክ ፊደል "የሰራኩሳውያን" ይላል።

ፐርሴፎኔ ናት። ግሪኮች "ኮሬ" ይሏታል፤ ልጅቱ ማለት ነው። በተረታቸው የእህል አምላክ የዴሜትር ልጅ ናት። ሜዳ ላይ አበባ ስትለቅም የሙታን ዓለም ንጉሥ ሐዴስ ምድርን ሰንጥቆ ወጣና ይዟት ሄደ። በእኛ ቋንቋ ጠለፋ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እናቷ ችቦ ይዛ ዘጠኝ ቀን እህል ሳትቀምስ ፈለገቻት። በኀዘኗም ምድር ዘር አላበቅልም አለች። ሰው በረሃብ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ እንድትመለስ ተፈቀደ። ግን እዚያ ሳለች የሮማን ፍሬ ቀምሳ ነበር፤ የሙታንን ዓለም ምግብ የቀመሰ ደግሞ ጨርሶ አይለቀቅም። ስለዚህ የዓመቱን ሲሶ ከምድር በታች፣ የቀረውን ከእናቷ ጋር ሆነች።

ሲሲሊዎች ይህ የሆነው እኛው ደሴት ላይ፣ ኤና ከተማ አጠገብ ነው ይሉ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ አገራቸው የስንዴ አገር ነው። ሂሮን ራሱ ከገበሬው የእህል አሥራት የሚሰበሰብበት ሕግ ነበረው፤ ሮማውያንም በኋላ ቀጠሉበት። የእኛ የአክሱም ነገሥታትም በወርቅ ሳንቲማቸው ላይ መልካቸውን በሁለት የእህል ዛላ መካከል አስቀርጸዋል፤ ጽሑፉም ብዙ ጊዜ ግሪክኛ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል።

ያኔ ግን ይህን ሁሉ የት አውቄው! ያየሁት ቆሻሻ ሳንቲም ነው። እናቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ስታሽ እያየሁ ነው ያደግኩት። መምህራችን ለምሳ ስትወጣ ጥጥ ሎሚ ውስጥ ነክሬ የሴትዮዋን ፊት አሸሁት። አረንጓዴው ለቀቀ። ደስ አለኝ፣ ቀጠልኩ። መጀመሪያ ዛላው ጠፋ። ከዚያ የጸጉሯ ጉንጉን። ከዚያ ዓይኗ። ከሥር የወጣው ቀላ ያለ፣ የተቦረቦረ ነገር ነበር።

ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ ሲቆይ የላይኛው ቆዳው ቀስ በቀስ ወደ ማዕድንነት ይለወጣል። ቀራጩ የሠራት ያቺ ስስ መስመር የምትተርፈው እዚያው አረንጓዴው ውስጥ ነው። ቆሻሻ ያልኩት ፊቷን ነበር። አሲድ ሲነካው ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ አይመለስም።

እባካችሁ፣ ሳንቲምም ሆነ መስቀል ወይም ጽናጽል፣ ያረጀ የነሐስ ነገር እጃችሁ ሲገባ አትሹት። እዩት መጀመሪያ። መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩበት፤ ከላይ ሲበራበት የማይታየው መስመር ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። ጠርዙን ያዙ እንጂ ፊቱን በጣት አትንኩ። ደረቅ ቦታ አኑሩት። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ክሎራይድ የሚባል ጨው ከእርጥበት ጋር ገጥሞ ነሐሱን እየበላው ነውና ሳትዘገዩ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ከየት እንደወጣ የማይነገርለትን ደግሞ፣ ምንም ቢረክስ፣ አትግዙ።

መምህራችን ስትመለስ አልጮኸችም። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ሳንቲሙን ገለበጠችው። በሬው እንዳለ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ። እሱ ጋ አልደረስኩም ነበር። ሳንቲሙን ወደ ትንሿ ፖስታው መለሰችና በእርሳስ ቀኑን ጻፈችበት፤ ቀጥላ ስሜን፣ ከስሜ ሥር ደግሞ "በሎሚ ታሽቷል"።