ባክቴሪያን በደቂቃ የሚለይ ማሽን መጣ፤ ማይክሮባዮሎጂን ልተወው?

የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች እህታችን ከጎንደር እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ «ማይክሮባዮሎጂ እወዳለሁ። ነገር ግን ማልዲ-ቶፍ የሚባል ማሽን ባክቴሪያን በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚለይ ካነበብኩ ወዲህ ልቤ ሸፍቷል። እኔ ካታሌዝና ኦክሲዴዝ የሚባሉትን የባክቴሪያ መለያ ምርመራዎች ስሸመድድ ሥራው በማሽን ሊያልቅ ነው። ወደ ኮምፒውተር ትምህርት ልዙር?»

እህቴ፣ ስጋትሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በባዮኬሚካል ምርመራ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ የሚፈጀውን መለየት ማሽኑ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ለሕክምና ላቦራቶሪዎች ተፈቅዷል። ግን እስኪ አሠራሩን ቀረብ ብለሽ እዪው። በሳህን ላይ ከበቀለው የባክቴሪያ ክምችት፣ ከኮሎኒው፣ ጥቂት ወስደሽ በብረት ሰሌዳ ላይ ትቀቢያለሽ፤ ማትሪክስ የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ ታደርጊበታለሽ፤ ሲደርቅ ሌዘር ይመታዋል። ፕሮቲኖቹ አየር በተመጠጠበት ቱቦ ውስጥ ይበራሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከ2,000 እስከ 20,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ባለው ክልል የሚታየው ንድፍ፣ አብዛኛው የሪቦዞም (የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ) ፕሮቲን ነው፣ ማሽኑ ካከማቻቸው ንድፎች ጋር ይመሳከራል።

ልብ በዪ፤ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከኮሎኒው ነው። ኮሎኒውን የሚያበቅል፣ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። እኔ ገና ስለማመድ ኮሎኒውን እንደ ቅቤ አወፍሬ ቀባሁትና ማሽኑ ደጋግሞ ምንም ውጤት አልሰጥ አለኝ። አሠልጣኜ በስንጥር እንጨት ጫፍ ነካ አድርጋ፣ ለዓይን እስከማይታይ አሳስታ ስትቀባው ስሙ ወዲያው መጣ።

ከዚህ የሚከብደው ማሽኑ በልበ ሙሉነት ሲሳሳት ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላና ኢ. ኮላይ የሚባሉት ባክቴሪያዎች እጅግ ስለሚቀራረቡ ማሽኑ በተለመደው አሠራር አይለያቸውም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ሰገራ መጣ እንበል። ማሽኑ «ኢ. ኮላይ» አለ፤ ማኮንኪ በሚባለው ማብቀያ ሳህን ላይ ያለው ኮሎኒ ግን እንደ አብዛኛው ኢ. ኮላይ ሮዝ አይደለም፣ እንደ ሺጌላ ቀለም የለውም። ውጤቱን ዝም ብሎ የሚያሳልፈውና «ቆይ፣ በአንቲሴረም (ጀርሙን በሚለይ ፀረ እንግዳ አካል) ላረጋግጥ» የሚለው ባለሙያ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ያ ሽምደዳሽ ለዚህ ቀን ነው። ደግሞም ማሽኑ ስሙን ነገረሽ እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ በተለመደው አሠራር አይነግርሽም። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሣም ጀርሞቹ ከአንድ ምንጭ መሆናቸውን ለማወቅ የጂኖም (የጀርሙ ሙሉ የዘር መረጃ) ንባብ ይፈለጋል።

ስለዚህ አትዙሪ፤ ጨምሪበት። የትኛው መድኃኒት በጀርሙ ላይ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ምርመራ አጥብቀሽ ያዢ፤ የውጤት መዝገብን በኮምፒውተር መተንተን ተማሪ። የኮምፒውተር ፍላጎትሽ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ማሽን መንገድ ከጠረጉት አንዱ፣ በ2002 ኖቤል የተሸለመው ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የነበረው የኩባንያ መሐንዲስ ነበር፤ የተማረውም ኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው። ማስተርስ ሳትይዢ ሥራ መጀመርሽ አያስጨንቅሽ።

የልምምድ ቦታ ስትመርጪ ውድ ማሽን ያለበትን አትፈልጊ፤ በየቀኑ ብዙ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለ ጀርም የሚበቅልበት ምርመራ) የሚገባበትን ጠይቂ። የሚያሠሩሽ ሰዎችም ሳህኖቹን አንቺ ራስሽ እንድታነቢ ይፈቅዱልሽ እንደሆነ አስቀድመሽ አረጋግጪ።