ቀለል በሉ እንጂ አትቅለሉ

ልጆቼ፣

ድምፃችሁን ለማሠልጠን ደፋ ቀና የምትሉ፣ አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ለመዝፈን የምታስቡ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ስቱዲዮ የድምፅ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ብዙ ዘፋኝ በእጄ አልፏል። ድራማን በዘፈን የሚጫወቱትን የኦፔራ ዘፋኞች ያህል ያስተማረኝ ግን የለም።

የሌሊት የወግ ፕሮግራም የሚተላለፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ተመልካቹ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ቀልድ ይሰማል፣ እንቅልፉ ይመጣል። በእንግድነት የተጋበዘችው የኦፔራ ዘፋኝ ደግሞ የመጣችው ከሌላ ዓለም ነው። ኒውዮርክ ያለው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ 3,800 ያህል ሰው ይይዛል። እዚያ የሚዘፈነው ያለ ማይክ ነው፤ ከፊት ሙሉ ኦርኬስትራ እየተጫወተ።

ብዙ ሰው ይሄን ጩኸት ይለዋል። አይደለም። የኦርኬስትራው ጉልበት የሚበዛው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው)። ወደ 3,000 ሲጠጋ ይሳሳል። የሠለጠነ ድምፅ ታዲያ ጉልበቱን እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ያከማቻል። የሰው ጆሮም እዚያ አካባቢ ንቁ ነው። ዓመታት የሚፈጀው ሥልጠና አንዱ ትርፉ ይሄ ነው።

ወጣት ሳለሁ አንዲት ሶፕራኖ፣ ማለት ቀጭን ድምፅ ያላት የኦፔራ ዘፋኝ፣ ለቀረጻ መጣች። እንደ ማንኛውም እንግዳ ትንሿን ማይክ ደረቷ ላይ ሰካሁላት። ልምምድ ላይ ከፍ ያለውን ኖታ ስትይዘው መለኪያው ቀይ ገባ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። ዝቅ አደረግኩት። ቀስ ብላ የምትለው ክፍል ሲደርስ ደግሞ ጠፋች። ኮምፕረሰር የሚባለውን የድምፅ ማመጣጠኛ ጨመርኩበት። ከፍታውና ዝቅታው እኩል ሆነ፣ መለኪያው ተስተካከለ። ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

እሷ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብታ ቅጂውን ሰማች። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠች። ከዚያ በጣም በትሕትና «ይሄ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ባለ ማቆሚያ ማይክ አስመጥታ ሁለት እርምጃ አራቀችው። «ዝቅ ስል ዝቅ ልበል፣ አታንሣኝ» አለች። አልተቆጣችም። እሺ ብላም አላለፈችውም።

ቀለል ማለትና መቅለል ለየቅል መሆናቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

የኦፔራ ዘፋኟን ቤቨርሊ ሲልስን ተመልከቱ። በ1929 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለደች ናት። በታዋቂው የሌሊት ወግ አቅራቢ በጆኒ ካርሰን ፕሮግራም ላይ እየቀረበች እንደ ጎረቤት ትጫወት፣ ከልቧ ትስቅ ነበር። እሱ በሌለበት ቀን ወንበሩን ይዛ ፕሮግራሙን መርታለች። ኦፔራ የሀብታሞች ብቻ ይመስለው ለነበረ ብዙ አሜሪካዊ የኦፔራ ፊት እሷ ሆነች። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. በሙዚቃ ደራሲው በሃንደል ኦፔራ ክሊዮፓትራን ሆና ስትዘፍን ነው ስሟ የገነነው። ቴሌቪዥን ያመጣላት ድምፅ የለም፤ የነበራትን ነው ያሳየላት።

ሌላዋ የኦፔራ ዘፋኝ ረኔ ፍሌሚንግም የሌሊት ወግ አቅራቢው ዴቪድ ሌተርማን ጋር ቀርባ የፕሮግራሙን አሥር ቀልዶች በኦፔራ ድምፅ ዘፍናለች። ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን ያው የመድረኩ ድምፅ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር የዘመረች የመጀመሪያዋ የኦፔራ ዘፋኝም እሷ ናት።

እናንተም ስትጋበዙ ተጫወቱ። ስለ እናታችሁ ወጥ፣ ስለ ሰፈራችሁ አውሩ። ሰው መጀመሪያ የሚወደው ሰውነታችሁን ነው፤ እሱን መደበቅ ኩራት አይደለም። ተራው የዘፈን ሲሆን ግን አትደራደሩ። እኛ አገር ፕሮግራም ላይ «እስቲ አንድ ስንኝ» ተብሎ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ማዘፈን የተለመደ ነው። ሆድ ታጥፎ ትንፋሽ በወጉ አይሞላም። «ይቅርታ፣ ልነሣ» ማለት ነውር አይደለም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ከተሰጣችሁ ትልቁን ሥራ አትቆራርጡት፤ አጭር መርጣችሁ ሙሉውን ዝፈኑ። ቀድማችሁ ሂዱ፣ የድምፅ ባለሙያውን በስሙ ጥሩት፣ ቅጂውን አሰማኝ በሉት። ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

ስለ ብርዱም ልንገራችሁ። መብራቱ ስለሚያግል ስቱዲዮዎቹን እንደ ማቀዝቀዣ ያደርጓቸዋል። ያቺ ሶፕራኖ ተራዋ እስኪደርስ ኮሪደር ላይ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ከማንም ሳታወራ ተቀመጠች። ስትጠራ ሻሹን ለእኔ ሰጥታኝ ገባች። ከፕሮግራሙ አቅራቢ ጋር ተሳሳቀች። ከዚያ ቆማ ጀመረች።

መለኪያዬን እያየሁ ነበር። በጣም ዝቅ ያለው ቦታ ሲደርስ መርፌው ንቅንቅ ማለት አቆመ ማለት ይቻላል። እጄ ወደ ማንሻው ሄዶ ተመለሰ። ቀና ስል ካሜራማኑ ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው ላይ ገለጥ አድርጎ በባዶ ጆሮው ያዳምጣታል።