ከጨነቅ ካምፕ መመለስ ሽንፈት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ወቅት በዚህ ገጽ ስለ ጃፓናዊቷ ተራራ ወጪ ስለ ጁንኮ ታቤይ ሁለት መስመር ጽፈው ነበር። በረዶ ተንዶ ቀበራት፣ ከ12 ቀን በኋላ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆመች ብለው። እውነት ነው ወይስ ሲወራ የገነነ ነገር ነው? የምጠይቀው ለራሴ ብዬ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ራስ ዳሸንን ልንወጣ ሄደን፣ ጨነቅ ካምፕ ስንደርስ ራሴን ፈለጠኝ። ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አደረ። ጠዋት በመኪና ወደ ደባርቅ መለሱኝ፤ እነሱ ወጥተው መጡ። አሁን ቢሮ ውስጥ «ዳሸንን ሳትወጣው ጠጥታው መጣች» እየተባልኩ ነው። አማቴ ደግሞ «የ4 ዓመት ልጅ ጥለሽ ገደል ለገደል ምን አስኬደሽ?» ብለው ተቀይመውኛል። ሴትዮዋ ከበረዶ ሥር ወጥታ ጫፍ ከደረሰች፣ እኔ በራስ ምታት መመለሴ ምን ይባላል? ደግሜ ልሞክር?
ሠ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የኔ እህት፣ የቢሮሽ ሰዎች ቀልድ እኔንም አስቆኛል፤ አትቀየሚኝ። ግን ዕድሜ ልኬን ስፖርት ሳስተምር ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ሜዳ ላይ ብዙ የሚቀልድ ሰው ብዙ ጊዜ ፈርቶ የነበረ ሰው ነው። እነሱም ያን ሌሊት ራሳቸውን ሳያማቸው አልቀረም።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አዎ፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1975 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ 6,300 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሁለተኛው ካምፕ ተኝተው ሳለ በረዶ ተንዶ ድንኳኑን ደፈጠጠው። ታቤይ ራሷን ሳተች። ለስድስት ደቂቃ ያህል ከተቀበረች በኋላ ሼርፓዎቹ (መንገድ የሚመሩትና ጓዝ የሚሸከሙት የአካባቢው ተራራ ሰዎች) ቆፍረው አወጧት። የሞተ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ሰውነቷ ተቀጥቅጦ ለሁለት ቀን ያህል መራመድ አቅቷት ነበር። ሜይ 16 ከአንግ ጸሪንግ ሼርፓ ጋር ጫፍ ደረሰች፤ ኤቨረስትን የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያኔ 35 ዓመቷ ነው። ቁመቷ ደግሞ አንድ ሜትር ከሃምሳ አካባቢ! (ከ11 ቀን በኋላ ፋንቶግ የምትባል ቲቤታዊት በሌላኛው በኩል ወጣች። እሷን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።)

ሰው የሚያወራው ይህን ብቻ ስለሆነ ነው እንዳንቺ ያለው ሰው የሚጎዳው። «ከበረዶ ሥር ተነሥታ ወጣች፣ እኔስ?» ይላል። የሴትዮዋ ትልቁ ፈተና ግን ከተራራው በፊት ያለፈው ነው ባይ ነኝ። በ1969 የሴቶች የተራራ ክለብ አቋቋመች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዳንድ ወንዶች ከሴት ጋር አንወጣም ይሏት ነበር፤ አንዳንዶቹም «ባል ፍለጋ ነው የመጣችው» ይሉ ነበር። ይሄስ እኛም ሰፈር ይታወቃል። ኤቨረስትን ለመውጣት በ1971 ፈቃድ ጠየቁ፤ ተራ የደረሳቸው ለ1975 ነው። አራት ዓመት መጠበቅ! ገንዘብ ሲለምኑ «እናንተ ልጅ ብታሳድጉ ይሻላል» ይባሉ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጋዜጣና አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቢረዷቸውም፣ እያንዳንዷ ከኪሷ ያዋጣችው የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚያህል ነበር። ታቤይ ቤቷ ውስጥ ፒያኖ እያስተማረች አጠራቀመች። ውሃ የማያስገባ ጓንት ከመኪና ወንበር ልብስ ሰፉ። የላባ መኝታ ከረጢታቸውንም ራሳቸው አዘጋጁ። አስተማሪዎች ደግሞ ተማሪ ሳይበላው የተረፈውን የማርማላታ ፓኬት ለስንቅ ሰበሰቡላቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፤ ማርማላታውን።

ሌላም አለ። ሴቶቹ 15 ነበሩ። ሁለቱ ጫፍ እንዲደርሱ ታስቦ ነበር። ሼርፓዎቹን ከፍታው አሟቸው በቂ የኦክስጅን ጠርሙስ ማድረስ አልተቻለም፤ ስለዚህ የቡድኑ መሪ ኤይኮ ሂሳኖ አንዷን፣ ታቤይን መረጠች። የቀሩት አሥራ አራቱ ሳይወጡ ተመለሱ። እነሱን ፈሪ የሚላቸው አለ? ተራራ ላይ የተወለዱትን ሼርፓዎችስ ከፍታ ካመማቸው፣ ከአዲስ አበባ ቢሮ የሄድሽውን አንቺን ቢያምሽ ምን ይገርማል?

ራሷ ታቤይም ጫፍ ያልደረሰችበት ቀን አለ። በ2012 ካንሰር እንዳለባት ተነገራት፤ ያም ሆኖ መውጣት አልተወችም። በዚያው ዓመት ገደማ ጀምሮ በ2011 በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ የተጎዳውን የትውልድ አገሯን፣ የፉኩሺማን ተማሪዎች ፉጂ ተራራ ታስወጣ ነበር። በ2016 በጋ ለመጨረሻ ጊዜ አብራቸው ሄደች። መንገድ ላይ፣ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ቆመች፤ ልጆቹ ቀጠሉ። በጥቅምት ወር በ77 ዓመቷ አረፈች።

አሁን ወደ አንቺ። ጨነቅ ላይ ያመመሽ ስንፍና አይደለም፣ የከፍታ ሕመም ነው። ከጻፍሽው እንደምገምተው በመኪና ነው በአንዴ የወጣችሁት። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ጨነቅ 3,600 ያልፋል። ሰውነት እንዲህ በአንድ ቀን አይለምድም። ራስ ምታትና ማስመለስ ሲመጣ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም፤ ካልተሻለሽ መውረድ ነው። ሰው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ከተዘባረቀ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ወዲያው ማውረድ ነው። አንቺን ጠዋት ያወረደሽ ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ጎበዝ ነው።

ደግመሽ ሞክሪ፤ ግን በእግር። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተሽ፣ በጥቅምት ወይም በህዳር። ከደባርቅ ተነሥተሽ ሳንቃ በር ካምፕ እደሪ፣ ቀጥሎ ግጭ ካምፕ፣ ከዚያ ጨነቅ። ግጭ ላይ አንድ ቀን ጨምረሽ ጭላዳዎቹን እያየሽ ብትውዪ ገንዘብሽ አልባከነም። ከጨነቅ በቧሂት ተራራ በኩል አልፈሽ ለዳሸን መነሻ ወደሆነችው መንደር ወደ አምቢቆ ስትወርጂ ሰውነትሽ ለምዶ ታገኚዋለሽ። ለከፍታ የሚሰጥ ክኒን አለ፤ ያለ ሐኪም ግን እንዳትነኪው። የሚቸኩሉ ጓደኞች ካሉሽ ደግሞ በቅሎ ተከራይተው ይቅደሙሽ።

አማትሽን በተመለከተ፣ ታቤይ ኤቨረስት ስትሄድ ሴት ልጇ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ባሏ ማሳኖቡ ራሱ ተራራ ወጪ ስለነበር ደገፋት። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ባልሽ የለበትም። ልጁን ማን ይያዝ የሚለውን ከአማትሽ ጋር ሳይሆን መጀመሪያ ከእሱ ጋር ጨርሺ። ከዚያ ለመንገድ የሚሆን በሶ እንዲያዘጋጁልሽ አማትሽን ለምኛቸው። የሱቁ ብስኩት እዚያ ላይ ምንም አይፈይድም።