የተቀረጸ ትዝታን በፊልም ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የአንዱን ሰው ትዝታ ቀርጾ በሌላው ጭንቅላት ውስጥ የሚያጫውት መሣሪያ ያለበት ፊልም ለመሥራት ተነስታችኋል እንበል። ስለ ጨለማው ከተማ፣ ስለ ኒዮኑና ስለ ጭሱ ከማሰባችሁ በፊት ትዝታንና ቅጂን ለይታችሁ እወቁ። ትዝታ ይደበዝዛል፣ በተደጋገመ ቁጥር መልኩን ይለውጣል፣ ባለቤቱ የሚያፍርበትን ይሸሽጋል። ቅጂ ግን ዓይን ያረፈበትን፣ ጆሮ የሰማውን እንዳለ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ በጉም በተሸፈነ ሌንስና በዝግታ የሚቀረጸው የተለመደው የትዝታ ትዕይንት እዚህ አያገለግልም። እዚህ ካሜራው ራሱ ሰው ነው፤ ቁመት አለው፣ ይተነፍሳል፣ ይፈራል።

«ስትሬንጅ ዴይስ»ን ካላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ካትሪን ቢግሎው ዳይሬክት አድርጋው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ፊልም ነው፤ ታሪኩ በሎስ አንጀለስ፣ በ1999 የመጨረሻ ሁለት ቀናት ውስጥ ይካሄዳል። ሌኒ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ከሰዎች ጭንቅላት የተቀረጸ ገጠመኝ በትንንሽ ዲስኮች ይቸረችራል። 42 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 8 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ ለሙያችን ግን እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። መክፈቻው ዝርፊያ ነው፤ ዘረፋው፣ ሽሽቱ፣ ጣሪያው፣ ያልተሳካው ዝላይና ውድቀቱ ሁሉ በዘራፊው ዓይን ይታያል። ተዘጋጅቶ የሚገዛ ካሜራ ስላልበቃ ለዚሁ ሥራ ቀላል የ35 ሚሊሜትር ካሜራ አሠርተዋል። ይህን ትዕይንት ሦስት ጊዜ እዩት፦ መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ ድምፁን ዘግታችሁ ቆረጣዎቹ (ምስል ከምስል የተጋጠመባቸው ቦታዎች) የተደበቁበትን እየቆጠራችሁ፣ በመጨረሻ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጆሮ ብቻ።

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት የመሣሪያውን ሕግ በአንድ ገጽ አስፍሩ። ምን ይቀርጻል? እይታና ድምፅ ብቻ ነው ወይስ ሕመምና ፍርሃትም ያልፋል? ሐሳብስ? ቅጂው ይባዛል? ይቆረጣል? መሣሪያውን ለብሶ የሚቀርጸው ሰው ሲሞት ቅጂውን የሚያየው ሰው ምን ይሆናል? በ«ስትሬንጅ ዴይስ» ውስጥ መሣሪያው «ስኩዊድ» ይባላል። በእውኑ ዓለምም በዚህ ስም የሚጠራ፣ የአንጎልን እጅግ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ የተለመደው ዓይነት የሚሠራው በፈሳሽ ሂሊየም ወደ -269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ማንበብ እንጂ መልሶ ወደ አንጎል መጻፍ አይችልም። ደራሲዎቹ አንድ እውነት ወስደው አንድ ውሸት ብቻ ጨመሩበት። እናንተም አንድ ውሸት ይበቃችኋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ተመልካች ማመኑን ትቶ መጠየቅ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ሕግ ደግሞ ቀላሉ ነው፦ የለበሰው ሰው የራሱን ፊት ማየት የሚችለው በመስታወት፣ በመስኮት ወይም በውኃ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ካሜራው። ቁመቱ 170 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው ዓይኑ ከመሬት 158 ገደማ ላይ ነው። ካሜራውን በትከሻ ከያዛችሁት ወደ 145 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ልጅ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ቁመቱን በሜትር ለኩ፤ በየትዕይንቱም አትለውጡት። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፎቶ ፊልም ያህል በሚሰፋው) ከ24 እስከ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ያዙ። 50ው ለእግር ጉዞ ይጠባል፤ ከ16 በታች ያለው ግድግዳ ያጎብጣል፣ የተዋናዩንም እጅ እንደ ቅርንጫፍ ያስረዝማል። ትንንሾቹን የስፖርት ካሜራዎች ጭንቅላት ላይ አስሮ መሮጥ የሚያታልል አቋራጭ ነው፤ ሰው ሲሮጥ አንጎሉ የእይታውን ንቅናቄ ያረጋጋለታል፣ ካሜራው ግን እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባል። ስለዚህ ንቅናቄውን አታጥፉት፣ ግማሹን ግን ቀንሱት።

ሰው ዞሮ ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ ይዘላል፣ ጭንቅላቱ ይከተላል፣ ከዚያ ያርፋል። በአንድ ፍጥነት ቀስ ብሎ የሚዞር ካሜራ ማሽን እንጂ ሰው አይመስልም። ቶሎ ዙሩ፣ ቁሙ፣ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ቆዩ። በሰከንድ 24 ፍሬም ስትቀርጹ ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 180 ዲግሪ፣ ማለትም 1/48 ሰከንድ ይሁን፤ 90 ዲግሪ ካደረጋችሁት ምስሉ ጥርት ይላል፣ ፈጣን ዙሩ ግን ይንቀጠቀጣል። የቤት መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት 1/50፣ 60 በሆነበት ደግሞ 1/60 ተጠቀሙ፤ ካልሆነ ብልጭታ ይገባባችኋል።

ቆረጣ የሚደበቀው ፈጣን ዙር ላይ፣ የበር መቃን ሲያልፍ ወይም ጨለማ ጀርባ ሌንሱን ሲሸፍን ነው። የመጀመሪያውን ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸውን ምስል) ከሚያስፈልገው በላይ አዙራችሁ ጨርሱ፤ ሁለተኛውን ዞሮ ከመድረሱ አስቀድማችሁ ጀምሩ፤ ምስሉ ከሁሉ ይበልጥ በደበዘዘበት ፍሬም ላይ አጋጥሙ። የሚያጋልጣችሁ የዙሩ አቅጣጫ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያስተካክላል። የሚያጋልጣችሁ ብርሃኑ ነው። ኤክስፖዠርን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) እና የቀለም ሙቀትን (ምስሉ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላበትን) በእጅ ቆልፉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ሰማዩ ይዘላል።

እጆች ለብቻቸው ልምምድ ይፈልጋሉ። ተዋናዩ ከካሜራ ባለሙያው ጀርባ ቆሞ እጁን በብብቱ ሥር ካሳለፈ አንድ ሰው ይመስላሉ፤ ነገር ግን እጁ ከታች በቅሎ እንዳይታይ የሁለቱ ትከሻ መመጣጠን አለበት። ቀለበቱን፣ እጅጌውን፣ ቁስሉን በየሾቱ ፎቶ አንሱ።

ድምፅ ከምስሉ እኩል ይሠራል። የራሳችን ድምፅ በአጥንት በኩል ስለሚደርሰን ወፍራም ነው፤ የለባሹን ንግግር ከ200 እስከ 300 ኸርዝ አካባቢ ጥቂት ከፍ፣ ከ3 ኪሎኸርዝ በላይ ጥቂት ዝቅ አድርጉት። ትንፋሹንና የልብሱን ኮሽታ ለብቻ ቅረጹ። ቅጂው ሲቋረጥ ግማሽ ሰከንድ ጸጥታ ስጡ፣ ከዚያ የክፍሉን ድምፅ መልሱ።

ቅጂውን ከአሁኑ ጊዜ ለመለየት አንድ ምልክት ብቻ ምረጡ። ዳይሬክተሩ ዳግላስ ትራምቡል እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው «ብሬንስቶርም» መደበኛውን ታሪክ በ35 ሚሊሜትር፣ የተቀረጸውን ልምድ በሰፊው የ70 ሚሊሜትር ፍሬም ሠራ፤ ስክሪኑ ሲሰፋ ተመልካቹ የት እንዳለ ያውቃል። ቀይ ነጥብ፣ የሚንቀጠቀጡ መስመሮችና የሰዓት ቁጥር አትደርድሩ፤ አንጎል እንዲህ ያለ ስክሪን የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ቅጂውን የሚያየው ሰው ነው። በቢግሎው ፊልም ገዳዩ መሣሪያውን ለሚገድላት ሴት አጥልቆ እሱ የሚያየውንና የሚሰማውን ወደ እሷ ያስተላልፋል፤ የራሷን ሞት በገዳይዋ ዓይን እንድታይ ያደርጋታል። ያንን ትዕይንት ማየት ይከብዳል፣ መክበድም አለበት። ክብደቱን የሚሸከመው ግን ቅጂውን እያየ የሚታመመው የሌኒ ፊት ነው። ጭካኔን የምትቀርጹ ከሆነ ፊት አዘጋጁለት። የካሜራው ዓይን የገዳዩ ሆኖ ወደ ምስክሩ ፊት ሳትመለሱ ከቆያችሁ ተመልካቹን ያለ ፈቃዱ ከገዳዩ ጎን አቁማችሁታል። ቅጂውን ወደሚያየው ሰው ፊት የምትመለሱባቸውን ቦታዎች ስክሪፕቱ ላይ ጻፉ፤ ለኤዲቲንግ ክፍሉ አትተዉት፣ ያን ጊዜ የፊቱ ሾት ላይኖራችሁ ይችላል።

ታሪኩን የሚነዳው ቅጂ ደግሞ ፖሊሶች ጄሪኮ ዋን የተባለውን ሙዚቀኛ ሲገድሉ የሚያሳየው ነው። ፊልሙ የወጣው የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ በቪዲዮ ከተቀረጹ፣ ከ1991፣ አራት ዓመት በኋላ መሆኑን አስታውሱ። ዲስኩ ዋጋ ያገኘው ምስክር ስለሆነ ነው። የእናንተም ቅጂ ሊያጠፋው የሚፈልግና ላሳየው ወይስ ልደብቀው ብሎ የሚጨነቅ ሰው ይኑረው፤ አለዚያ የካሜራ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

አንዱ የቅጂ ትዕይንት ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፤ ሲረዝም ማቅለሽለሽ የሚጀምረው ሰው አለ። ገና ያላለቀውን የመጀመሪያ ቅንብር ታሪኩን ለማያውቁ አምስት ሰዎች በትልቅ ስክሪን፣ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ አስቀምጣችሁ አሳዩ። እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን እነሱን እዩ፤ ዓይናቸውን የሚያነሱበትን ሰከንድ መዝግቡ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ ካነሱ ወደዚያ ሾት ተመለሱና ካሜራው ያረፈበትን ጊዜ በአንድ ሰከንድ አርዝሙት።