ማንቆርቆሪያውን ያጸዳ ሎሚ ኩላሊቴን ለምን አላጸዳም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። በአልትራሳውንድ ግራ ኩላሊትህ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር አለ ተባልኩ። እናቴ የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት በሎሚ ስታስለቅቅ አይቼ ሦስት ሳምንት በባዶ ሆዴ አቼቶ በሎሚ ጠጣሁ። ሲያመኝ ዲክሎፌናክ ገዝቼ እውጣለሁ። ለምን አልሟሟም? አጎቴ ለጠጠር ተቀዶ ሦስት ወር ሥራ ፈትቶ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናው ጥያቄዎ የአጎትዎ ነገር ነው። 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ከሽንት ጋር በራሱ ይወጣል። ቀዶ ጥገናውን ለጊዜው ይርሱት።

የማንቆርቆሪያው ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ውሃ አያሟሟውም። የሎሚው አሲድ ግን ካርቦኔቱን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ፉሽ የሚለው አረፋ እሱ ነው። ጋዙ ስላመለጠ ተመልሶ ቅርፊት አይሆንም። እናትዎ ልክ ናቸው። የብዙ ሰው የኩላሊት ጠጠር ግን ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ኦክሳሌት ጋዝ ሆኖ አይሄድም፤ ብርጭቆ ውስጥ አቼቶ ቢያፈሱበት እንኳ ንቅንቅ አይልም። ደግሞስ የጠጡት አቼቶ መች እንዳለ ኩላሊት ይደርሳል? ሰውነት የደምን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን ልክ፣ ከ7.35 እስከ 7.45 አጥብቆ ይይዛል። የተቃጠለው ጨጓራዎ ነው። ሎሚው እንኳ ደህና፤ በውስጡ ያለው ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር አዲስ ጠጠር እንዳይሠራ ያግዛል።

ዲክሎፌናኩ ግን አናደደኝ። ሦስት ሳምንት! እኛም እናዝዘዋለን፣ ግን ኩላሊቱን አይተን፣ ለጥቂት ቀን። ፀሐይ ላይ ውለው፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ በራስዎ ፈቃድ ሲውጡት ኩላሊት ይጎዳል። ትኩሳትንም ይደብቃል።

እኔ የምፈራው ደግሞ ትኩሳቱን ነው። ጎንዎን እያመመዎት ካንቀጠቀጠዎት ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ጠጠሩ መንገድ ዘግቶ የታቆረው ሽንት መግል እየሆነ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጣና ዳር ሰው ብርድ ብርድ ሲለው “ወባ ነው” ይልና ክኒን ውጦ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል። አይተኙ! መግሉ በሰዓታት ውስጥ ደም ሊመርዝ ይችላል። “ሲነጋ እሄዳለሁ” የሚባል ነገር የለም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ወባ ከሆነም እዚያው ይመረመራል። ባጃጁን ግን ሌላ ሰው ይንዳው።

ሌላው ቀላል ነው። ተራ እንዳያልፍብኝ ብለው ውሃ አይቀንሱ። ሽንትዎ ጠጅ ከመሰለ አልጠጡም ማለት ነው። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል መሽናት አለብዎት። በሻይ ማጥለያ ላይ ይሽኑ፤ ጠጠሩ ሲወጣ ይዘውት ይምጡ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ይመረመራል። ለእናትዎ ሌላ ማጥለያ ይግዙላቸው።