የአባቴን ተዝካር ሳላወጣ ዓመት ሊሞላው ነው

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል። እሱ ካቶሊክ ነበር፣ እኔም ነኝ፤ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ሲያርፍ ፍትሐቱ ተደርጎለታል፣ ቀብሩም በሥርዓቱ ተፈጽሟል። በአርባው ግን እጄ ላይ ገንዘብ ስላልነበረ ተዝካሩን አላወጣሁም። የአባቴ እኅት «ነፍሱ እስካሁን ደጅ ቆማ ነው፤ ያስቀረሻት አንቺ ነሽ» ትለኛለች። እኔም በሕልሜ አይቼዋለሁ፤ ራበኝ ይለኛል። አሁን ለሙት ዓመቱ ሰው ፊት እንዳላፍር ከአንድ ዘመዳችን 80 ሺህ ብር ልበደር ተነጋግሬአለሁ። ልበደር ወይ? ይሄን ያህል ከዘገየሁ በኋላስ ጸሎቱ ይደርሰዋል? እናቴ ቅዳሴው ላይ ብትገኝስ ችግር አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባትሽንም ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። አትበደሪ። ለዘመድሽ ዛሬውኑ ደውይና «ቀርቷል» በይው። ሌላውን ቀስ ብለን እናውራ።

ለሙታን መጸለይ ለምን እንደሚገባ አላስረዳሽም፤ ታውቂዋለሽ። በየቅዳሴው ያንቀላፉትን ስናስብ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በጥያቄሽ ውስጥ አንድ ስሕተት አለ፤ ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር ማለት ይቻላል የማገኘው ስሕተት። ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት ዋጋና ቀነ ገደብ ያለው ይመስለናል። እንደ መብራት ሒሳብ፣ በጊዜው ካልተከፈለ የሚቆረጥ።

አንድ ጊዜ የሙት ዓመት ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰንጋው ተጥሏል፣ ጠላው ቀድሞ ተጠንስሷል። ካህኑ ገብተው ቀደሱ። የሟቹ ስም ተነሣ። ከልጆቹ መካከል ቤተ ክርስቲያን የመጣው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ስልኩን ይዞ ወጣ ገባ ይላል። ውጭ ሆኖ «ለስላሳው ደረሰ?» ሲል ይሰማኛል። ትልቋ ልጅ ቤት ቀርታ እንጀራ ትቆጥራለች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲጎርፍ ጓዳ በር ላይ አገኘኋት። ዓይኗ በጭስ ቀልቷል፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «መምህር፣ ቅዳሴው እንዴት ነበር? ጥሩ ነበር?» አለችኝ። የገዛ አባቷን ቅዳሴ እኔን ጠየቀችኝ። አልተቆጣኋትም፤ አሳዘነችኝ። ዓመት ሙሉ ገንዘብ ስታጠራቅም የከረመችው ለዚያ ቀን ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን አባቷን ያሰቡለት ጎረቤቶቿ ናቸው። እሷ ያሰበችው ወጡ እንዳያንስ ነው።

አንቺንም እዚያ ጓዳ ውስጥ ላገኝሽ አልፈልግም። ያውም በ80 ሺህ ብር ዕዳ።

ተዝካር ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሐዘንተኛን ማብላት፣ ከሐዘንተኛ ጋር መብላት ደግ ነገር ነው። ግን ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግብዣ ለሚያደርግ ሰው ምን እንዳለው አስታውሺ። ወዳጆችህን፣ ዘመዶችህን፣ ባለጠጋ ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ መልሰው ይጠሩሃልና። ድኾችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ። እኛ ጋ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው። እድርተኛው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ድኻው አጥሩ ሥር ሆኖ ትርፍራፊ ይጠብቃል። «የእገሌ ተዝካር ላይ እኮ ሁለት ሰንጋ ነው የወደቀው» እየተባለ ሲወራ ይከርማል። ስለ እገሌ ነፍስ የሚያወራ ግን የለም።

ልብሽን ካልከፋው አንድ ነገር ልጨምር። ብድሩን ያሳሰበሽ አባትሽ አይመስለኝም። ይሉኝታ ነው። «ሰው ፊት እንዳላፍር» ያልሽው አንቺ ነሽ። ይሉኝታ ደግሞ ጠግቦ አያውቅም። ዘንድሮ 80 ሺህ ብታበይው በሚቀጥለው ሐዘን 100 ሺህ ይጠይቅሻል።

ወደ መጽሐፍ እንምጣ። ካህናቱ ስለዚህ ነገር ሲያስተምሩ ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12ን ሲጠቅሱ ሰምተሻል። እግረ መንገዴን፣ በእናትሽ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ፈልገሽ ብታጪው አትደናገጪ። እዚያ ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን ሌሎች ናቸው፤ ይሄን ታሪክ የምታገኚው በካቶሊኩ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ታሪኩን እስከ ዳር የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። የአይሁድ ጦር መሪ የነበረው የይሁዳ መቃቢ ወታደሮች በጦርነት ወደቁ። ሬሳቸውን ለመቅበር ሲያነሱ በየልብሳቸው ሥር የጣዖት ክታብ ተገኘ። በሕጉ የተከለከለ ነገር ነው። ሲሞቱም ላያቸው ላይ ነበር። እንግዲህ በአክስትሽ አነጋገር ጉዳያቸው ያከተመ ነው። ይሁዳ ግን እንዲህ አላለም። ከሰዎቹ ሁሉ መዋጮ ሰበሰበ፤ 2,000 የብር ድራክማ ሆነ። ብሩ የት እንደሄደ ልብ በዪ። ለድግስ አልዋለም። ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ተላከ። ለዚህም መጽሐፉ ምክንያት ይሰጣል፤ ይሁዳ ይህን ያደረገው ትንሣኤን እያሰበ ነው። የወደቁት ይነሣሉ ብሎ ባያምን ኖሮ ለሙታን መጸለዩ ከንቱ በሆነ ነበር ይላል።

«እኛ ግን ለቅዳሴ ገንዘብ እንሰጥ የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። እንሰጣለን። መባ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት (የምዕራቡ ካቶሊክ) የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቁጥር 945 ላይ ካህናት ለምእመናን፣ በተለይም ለችግረኞች አሳብ፣ ምንም ባይቀበሉም እንኳ እንዲቀድሱ አጥብቆ ይመክራል። ስለዚህ ባዶ እጅሽን ሄደሽ «አባ፣ አባቴን ያስቡልኝ» ለማለት አትፈሪ። ለነገሩ የዋጋው ስሕተት የኛ አገር ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥም ቤተ ክርስቲያንን ያመሰ ነገር ነው። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ነፍሳት ከሞት በኋላ ስለሚነጹበት ስለ መንጻት ቦታ ሲወስን ሁለት ነገር ተናገረ። ያረፉት በምእመናን ጸሎት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመሠዊያው መሥዋዕት እንደሚረዱ አስተማረ። እዚያው ላይ ደግሞ ጳጳሳቱ ከንቱ እምነትንና ርካሽ ትርፍን የሚመስለውን ሁሉ እንዲከለክሉ አዘዘ። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው።

አሁን ወደ ቀነ ገደቡ። አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ዓመት ጥሩ ቀኖች ናቸው። በላቲን ሥርዓትም ሦስተኛው፣ ሰባተኛውና ሠላሳኛው ቀን ይታሰባል፤ በኖቬምበር 2፣ በኛ ጥቅምት 23 አካባቢ፣ ያረፉት ሁሉ ይታሰባሉ። እነዚህ ቀኖች የተሠሩት ለኛ ነው፤ እኛ ረሺዎች ነንና። እግዚአብሔር ቀን ቆጥሮ በር የሚዘጋ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ «በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፣ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን» ያለውን ታውቂዋለሽ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት ይህንኑ ጥያቄ አንሥተዋል። ለሞተ ሰው መጸለይ መቼም አይዘገይም፣ ከንቱም አይሆንም ነው መልሳቸው። እና ይደርሰዋል። ዛሬ ማታ ብትጸልዪለት ይደርሰዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ብትጸልዪለት ይደርሰዋል። «ምናልባት ገነት ገብቶ ከሆነስ?» ካልሽ፣ ጸሎትሽ ሜዳ ላይ አይወድቅም። እግዚአብሔር የሚያውለውን ያውቃል።

«ነፍሱ ደጅ ቆማለች» የሚለውን ግን አልቀበለውም። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ሌላ ነው። በእግዚአብሔር ጸጋና ወዳጅነት ያረፈ፣ ነገር ግን ገና ፈጽሞ ያልነጻ ሰው ድኅነቱ የተረጋገጠ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በቁጥር 1030 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል። የመንጻት ቦታ ፍርዱ ያልታወቀ እስረኛ የሚጉላላበት ቦታ አይደለም። ነፍስ ለምታየው ፊት የምትበቃበት ነው። ሕመም አለው፤ ተስፋ መቁረጥ ግን የለበትም። አባትሽን ከዚያ የሚያወጣው ክርስቶስ ነው። አንቺ በጸሎትሽ ታግዢዋለሽ። በሩን የምትዘጊውም የምትከፍቺውም አንቺ አይደለሽም። እባክሽ ይሄን ሸክም ከጫንቃሽ ላይ አውርጂው። «ያስቀረሻት አንቺ ነሽ» የሚለው ቃል የካቶሊክ ትምህርት አይደለም። እስከማውቀው ድረስ በኦርቶዶክስ በኩል ያሉ ደጋግ መምህራንም ነፍስ የምትድነው በድግስ ነው ብለው አያስተምሩም። የሰፈር ወሬ ነው።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን አስቢ። እዚሁ ጎንደር ስለ እምነቱ ታስሮ ተሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ1855 ከነሰንሰለቱ ከሠራዊት ኋላ ሲነዳ መንገድ ላይ አረፈ። ማን ድንኳን ተከለለት? ማን ንፍሮ ቀቀለለት? ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላ አወጀችው፤ ዛሬ አማልደን እንለዋለን። የቅዱስ አውግስጢኖስ እናት ቅድስት ሞኒካም በሰው አገር ልትሞት ስትል አንዱን ልጇን ይሄ ነገር አስጨንቆት ነበር። እሷ ግን ልጆቿን ሥጋዬን የትም ቅበሩት አለቻቸው። የለመነቻቸው አንድ ነገር ነው፤ በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት።

ስለ ሕልሙ። በዚህ አገር አባቱን ተርቦ በሕልሙ ያላየ ሐዘንተኛ ያለ አይመስለኝም። ቀን ሙሉ «አላበላሁለትም» ስትዪ ውለሽ ማታ ራበኝ ቢልሽ ምን ይገርማል? እምነታችንን በሕልም ላይ አንሠራም። ሕልሙ ካስጨነቀሽ ግን ፍችውን ፍለጋ ጠንቋይ ቤት እንዳትሄጂ። ከእንቅልፍሽ ስትነቂ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚለትና ተኚ። ጠዋት ደግሞ ለአንድ የተራበ ሰው ዳቦ ግዢ።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ከሙት ዓመቱ አስቀድመሽ ወደ ቁምስናሽ ሂጂና ቅዳሴ አሲዥ። የአባትሽን የክርስትና ስም በወረቀት ላይ ጻፊ። በዓለም ስሙ ብቻ ጽፈው የሚያመጡ ብዙ ናቸው፤ ካህኑም የማንን ስም እንደሚያነሡ ይቸገራሉ። ከቀኑ በፊት ንስሐ ግቢ። ይሄን አትዝለዪው። በዕለቱም ከፊት ተቀምጠሽ አስቀድሺ፣ ቁረቢ፣ ቁርባንሽንም ስለ እሱ አቅርቢ። ለአባትሽ ከዚህ የሚበልጥ ልታደርጊለት የምትችዪው ነገር የለም፤ ይሄ ደግሞ ብድር አያስፈልገውም። ከቅዳሴ በኋላ አቅምሽ የፈቀደውን ያህል ለነዳያን አብዪ። ዳቦና ሽሮ ከሆነ ዳቦና ሽሮ ነው። ለጎረቤት ቡና አፍዪ፤ በቂ ነው።

ሌላም አለ፤ ማንም ስለማያነሣው ነው የማነሣው። አባትሽ የሰው ገንዘብ ነበረበት? ያልመለሰው ዕቃ፣ ያልከፈለው የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ ተኳርፎ ሳይታረቀው የቀረ ጎረቤት አለ? ካለ፣ እጅሽ ላይ ያለችው ጥቂት ብር መጀመሪያ እዚያ ትሂድ። በአባትሽ ፈንታ የታረቅሽውን ሰውም ቅዳሴው ላይ ጥሪው። የሰው ዕዳ ሳይከፍሉ ሰንጋ የሚጥሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ባለገንዘቡ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሥጋውን ይበላል፣ ገንዘቡን ግን አላገኘም። ለሟቹ ምን እንደሚጠቅመው አይገባኝም።

አክስትሽን አትጣዪያት። ወንድሟ ነው የሞተባት። እሷ የምታውቀው የማልቀሻ መንገድ ተዝካር ነው፤ በአርባው ስላልተደረገ እንባዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ይሆናል። በዚህ መልስ ልትረቻት አትሞክሪ። አታንብቢላትም። ቤቷ ሂጂና «እትዬ፣ ለአባቴ ቅዳሴ አሲዣለሁ፤ ካንቺ ሌላ አጠገቤ እንዲቀመጥ የምፈልገው ሰው የለም» በያት። ለነዳያኑ የሚሆነውን ሽሮ እሷ ብትሠራው ደግሞ የተሻለ ነው፤ በዋዜማው ግን ጨርሳ ትደር። ጓዳ እንዳትቀርብሽ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ምን ችግር አለው? ባሏ ነው። ትምጣ፣ ታስቀድስ፣ ትጸልይለት፤ ቅዳሴው በግእዝ ከሆነ ብዙውን ታውቀዋለች። መቁረብን በሚመለከት እሷ በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ትኑር፣ አንቺም በዚህ አታስጨንቂያት። እሷም ብትሆን በደብሯ ልታሳስበው ትፈልግ ይሆናል። ካህናቷን ትጠይቅ፤ አንቺም እስከ ደጁ ሸኚያት።